የስቅለቱ ኮምጣጤ

ታንጉት ጠርሙሱን ባየችው ጊዜ በእጇ የነበረው ቅል መሬት ወድቆ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ትናንት በስቅለት ባዶ ነበር። ራሷ ደፍታ አራግፋዋለች፤ ራሷ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ጥላዋለች። ዛሬ በቅዳም ስዑር ጠዋት ግን ያው የአቼቶ ጠርሙስ ከማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከጨውና ከበርበሬው ዕቃ መሀል፣ በድሮ ቦታው ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ቆሟል። እስከ ግማሹም ሞልቷል።

ከትልቁ ቤት የለቅሶ ድምፅ ይመጣል። የአርብ ገበያ ከተማው ባለወፍጮ አቶ ዓባይ ጎሕ ሳይቀድ ዐርፈዋል። ትናንት ከስግደት ተመልሰው፣ እንደ ቤታቸው ልማድ የሐሞቱን ዋንጫ ጠጥተው፣ ከአንድ ሁለት ጉርሻ በላይ ሳይቀምሱ ሆዳቸውን ይዘው ተኙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታንጉት ልታስበው አትፈልግም። ከጤና ጣቢያ የተጠራው ባለሙያ አስከሬኑን አይቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ይኼ በሽታ አይደለም። መርዝ ነው።»

ያንን ዋንጫ የሞላችው ታንጉት ናት።

ጠርሙሱን ልትደፋው እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ስትደፋ ቢያዩዋትስ? ሳትደፋው ብትቀርስ? እንዲሁ እንደ ተገተረች ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«እሱን እንዳትነኪው።»

ዘመኑ ነው፤ የአቶ ዓባይ የወንድም ልጅ፣ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው። ዓይኑ ቀልቷል። ጠርሙሱን አየ፤ እሷን አየ።

«ምን በድለንሽ ነው ታንጉት?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ፊቱን ወደ ደጅ መለሰ። «ፖሊሶቹን ጥሯቸው። የሚፈልጉት ነገር እዚህ ነው።»

ታንጉት ከመደርደሪያው ራቅ ብላ ቆመች።

የዚያ ቤት የስቅለት ልማድ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ከስግደት መልስ፣ እህል ከመቀመሱ በፊት፣ ጌታ በመስቀል ላይ የቀመሰውን ሐሞትና ኮምጣጤ ለማሰብ፣ የተወቀጠ ፌጦ በኮምጣጣ ነገር ተበጥብጦ ይጠጣል። ቤተሰቡ በሎሚ የተበጠበጠውን በየስኒው ይጎነጫል። አቶ ዓባይ ግን ሎሚ አይነኩም። «ጌታዬን ሎሚ አላጠጡትም» ይላሉ። የሳቸው ፌጦ በአቼቶ ነው። የሚጠጡትም ከአባታቸው በወረሱት የቀንድ ዋንጫ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ነው። ዋንጫውን የንስሐ አባታቸው መምሬ ቀለመ ወርቅ በሆሣዕና ዕለት በጠበል ያጥቡታል፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ እስከ ዓመቱ ሆሣዕና ውሃ የሚባል አይነካውም።

ታንጉት ባሏ ከሞተ ወዲህ በየጾሙና በየድግሱ ለዚያ ቤት ስትሠራ ኖራለችና ይህን ሁሉ ታውቃለች። ትናንት ፌጦውን ወቅጣ ጠርሙሱን ብታነሳው ባዶ። ልትልክ ብትል ወዴት? የአርብ ገበያ ገበያው አርብ ነው፤ ስቅለትም አርብ ነው። በዓመት አንዴ አርብ ገበያ ያለ ገበያ የሚውለው በዚያ ቀን ነው። ሱቁም ሁሉ ዝግ ነው።

ጓዳ ቆማ አሰበች። ሎሚ ብታደርገው ያውቁታል፤ ዋንጫውን ይመልሱታል። የእርሾ ውሃ ሊጥ ሊጥ ይሸታል፤ ኮምጣጣነቱም የዋህ ነው። አጓት ቢሆን ያደርሰው ነበር፤ ግን የወተት ነገር ነው፣ ጾሙን ይሽራል። በመጨረሻ ዓይኗ ጋኑ ላይ ዐረፈ። ለቅበላ ከተጠመቀው ጠላ ከሥሩ የተረሳ አለ። በጣቷ ነክታ ብትቀምሰው ዓይኗ ተጨፈነ። አቼቶስ ቢሆን ቆይቶ የኮመጠጠ መጠጥ አይደል? በጨርቅ አጠለለችና ፌጦውን በጠበጠችበት።

ለማንም አልተናገረችም። አቶ ዓባይ በሁዳዴ ጠላ ላይቀምሱ ተስለው ነበር። ስለታቸውን በማያውቁት ነገር አፈረሰችባቸው። ያውም ጠጥተው ሲጨርሱ ከንፈራቸውን ጠርገው «የዘንድሮው ኮምጣጤ ልክ ነው» ብለው አመስግነዋታል።

እውነቱን ብትናገር የሞተ ሰው ስለት ያፈረሰች ናት፤ ባዶ ጠርሙስ በራሱ ሞላ ብትልስ ማን ያምናታል? ብትደብቅ ደግሞ ጠርሙሱ የእሷ፣ መደርደሪያው የእሷ፣ እጁም የእሷ ነው። እስር ቤት ትወርዳለች። ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጇ ዮርዳኖስም የነፍሰ ገዳይ ልጅ ተብላ ትቀራለች።

ኢንስፔክተር ምስራቅ ከደብረ ታቦር ስትደርስ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ከአስከሬኑ ይልቅ የአስከሬኑ ነጠላ ላይ ቆየች። ደረቱ ላይ የደረቀ ቡናማ እድፍ አለ። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ከዚያ ማድ ቤት ገባችና ጠርሙሱን በጨርቅ ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሳችው፤ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች።

«ዋንጫው የት ነው?»

«ከቦታው» አለ ዘመኑ። «ከግድግዳ የማወርደውም የምሰቅለውም እኔ ነኝ። ትናንትም አጎቴ ከጠጡ በኋላ ጠቅልዬ ሰቅዬዋለሁ።»

አስመጣችውና ጨርቁን ጨበጥ አደረገችው። «እርጥብ ነው።»

«ፌጦ ፈሶበት ይሆናላ።»

ምስራቅ ጨርቁንም ዋንጫውንም አሸተተች። ወደ ታንጉት ዞረች።

«በዋንጫው የቀዱት ምንድን ነው እትዬ?»

«ፌጦ።»

«በምን የተበጠበጠ?»

ታንጉት ፊቷን አዞረች። «እንደ… እንደ ልማዱ።»

«እንደ ልማዱ» ብላ ደገመችው ኢንስፔክተሯ፤ ብዙ አየቻት። «ደግ። እርስዎ እዚህ ጓዳ ይቀመጡ። ሰዎቹን ማድ ቤቱ ውስጥ አነጋግራቸዋለሁ።»

አንድ ፖሊስ ከጓዳው በር ቆመ። በሩ ግን ገርበብ እንዳለ ቀረ። ታንጉት ከጋኑ አጠገብ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የገቡት የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አመተ ማርያም ናቸው። መምሬ ጠዋት ለቤቱ ያደሉት የቅዳም ስዑር ቄጠማ ከግንባራቸው ታስሯል፤ ከጥቁሩ ሻሽ በላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

«ዋንጫውን ከታንጉት የተቀበለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። በትሪ አድርጌ እልፍኝ አስገባሁት፤ ለመምሬ ሰጠኋቸው።»

«ምን ነበረበት?»

«ፌጦ ነዋ።»

«ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ የሰው ነፍስ ጠፍቷል። የማይረባ የመሰለዎትንም ቢሆን ይንገሩኝ።»

ሻሻቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

«ጠላ ጠላ አለኝ» አሉ ወይዘሮዋ። «አቼቶ እንዳልሆነ አወቅሁ። እሳቸው ቢሰሙ ዋንጫውን ከግድግዳ ያላትሙት ነበር። በስቅለት ጠብ ከምሰማ ብዬ ዋጥ አደረግኋት።»

ታንጉት አፏን በነጠላዋ አፈነች። ዐውቀዋል። ከመጀመሪያው ዐውቀዋል። አሁን ፖሊስም ዐወቀ።

መምሬ ቀለመ ወርቅ ቀጠሉ። መቋሚያቸው የማድ ቤቱን ወለል ኳ ሲያደርገው ተሰማ።

«ዋንጫውን ባርከው የሰጡት እርስዎ ነዎት መምሬ?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ሽታውስ?»

«አፍንጫዬ ገና አላረጀችም። ጠላ ነው፤ ግን ከጠላነት አልፎ ኮምጣጤ የሆነ ጠላ። ለጌታ የሰጡትም የኮመጠጠ ወይን ነው እንጂ ከሱቅ የተገዛ አልነበረም። ዝም ብዬ ሰጠኋቸው።»

ሦስተኛዋ ከመካነ ኢየሱስ ለበዓል የመጣችው የሟቹ ልጅ ዓለምዬ ናት። ገና ሳትጠየቅ ለቅሶው ቀደማት።

«አቼቶውን የጨረስሁት እኔ ነኝ» አለች። «በጸሎተ ሐሙስ ፀጉሬን ታጠብሁበት። ስልክ ላይ ያብረቀርቃል ሲሉ አይቼ። ጠብታ አላስቀረሁም። ለታንጉት ልነግራት ስል ረሳሁት። አባቴ ቢሰሙ ‹የጌታን ኮምጣጤ ለጎፈሬሽ› ብለው ያባርሩኝ ነበር።»

«አባትሽ ስለ ወፍጮው ምን አስበው ነበር?»

«ከፋሲካ በኋላ እኔና ባለቤቴ መጥተን እንድንይዘው። ለዘመኑም በሆሣዕና ነገሩት።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ‹እግዜር ይባርክላችሁ› አለ።»

ዘመኑ ሲገባ ጫማው ከወለሉ ላይ የወደቀውን ስንጥቅ ቅል ገፍቶ አለፈ። ታንጉት በበሩ ስንጥቅ ጫማውን ብቻ አየችው። ዱቄት የነካው ጫማ ነው።

«በዋንጫው ውስጥ ምን ነበር ትላለህ?»

«አቼቶ ነዋ። በየዓመቱ አቼቶ ነው። አጎቴ ሎሚ አይነኩም፤ አገር ያውቀዋል።»

«አይተኸው ነው?»

«እኔ ዋንጫውን ከነጨርቁ ከማድ ቤቱ በር ላይ ለታንጉት ሰጠሁና ወደ እንግዶቹ ተመለስሁ። እሳቸው ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ እጄ አልደረሰበትም። እናንተ ከዚህ ከዚያ ትላላችሁ እንጂ የገደላቸው ያ ጠርሙስ ነው። የአይጥ መርዝ ጨምራበታለች።»

«የአይጥ መርዝ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«እኛ ባለወፍጮ ነን፤ ቤታችን የአይጥ አገር ነው። ሌላ ምን መርዝ ይኖራል?»

«ታንጉት ለምን ትገድላቸዋለች?»

«የሰው ልብ ማን ያያል» አለ ዘመኑ።

ሲወጣ ማድ ቤቱ ጭር አለ። ከዚያ የጓዳው በር ተከፈተ፤ ኢንስፔክተር ምስራቅ ገብታ ከታንጉት ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«ሰምተዋል።»

ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ፣ ግድብ እንደ ተሰበረበት ወንዝ፣ ሁሉንም አወጣችው፤ ባዶውን ጠርሙስ፣ የተዘጋውን ሱቅ፣ ጋኑን፣ ስለቱን፣ ጠዋት ሞልቶ የጠበቃትን ጠርሙስ። «እንግዲህ እሰሩኝ» አለች። «ጠላዬ ግን ሰው አልገደለም።» ተነሳችና ምስራቅ እጇን ሳትይዛት ጣሳውን ከጋኑ ሥር ሰድዳ ቀዳች፤ ግጥም አድርጋም ጠጣችው። ዓይኗ ተጨፈነ፤ ፊቷ ተኮማተረ። «ይኸው። ብሞት ምስክር ይሁነኝ።»

ምስራቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ይቀመጡ እትዬ። ጠርሙሱ ባዶ መሆኑን ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።»

«ለዘመኑስ?»

«ለእግዚአብሔርም አልነገርሁት።»

«ዋንጫውን ሲቀበሉት ውስጡን አዩት?»

«ቀንድ ነው፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ውሃ ማስነካትም ልማዱ አይደለም። ጨርቁን ፈትቼ ቀዳሁበት።»

ኢንስፔክተሯ ብድግ አለች። «ይከተሉኝ። እልፍኝ እንገናኝ።»

ታንጉት እስከ እልፍኙ ያለውን ግቢ አቋረጠች። ለቀስተኛው ዓይኑን ጣለባት። አንዲት ጎረቤት ልጇን ወደ ጉያዋ ሳበች።

ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ መምሬ፣ ዓለምዬና ዘመኑ ተቀምጠዋል፤ የሁሉም ግንባር ላይ ቄጠማ ታስሯል። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። ምስራቅ ጠርሙሱንና ዋንጫውን መደቡ ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው።

«ከጠርሙሱ ልጀምር» አለች። «ዓለምዬ ሐሙስ ባዶ አደረገችው። አርብ ሱቅ አልተከፈተም። ዛሬ ጠዋት ግን እስከ ግማሹ ሞልቷል። ከፍቼ አሸተትሁት፤ የአቼቶ ሽታ የሚባል የለውም። ውሃ ነው፤ ከሥሩ ዱቄት ተቀምጦበታል። ምን ዱቄት እንደሆነ ምርመራው ይነግረናል።»

«እሷ ናት ያደረገችው» አለ ዘመኑ።

«ቆይ። አቶ ዓባይ የጠጡት በአቼቶ የተበጠበጠ አልነበረም። ነጠላቸው ላይ ያለው እድፍ ቡናማ ነው፤ አቼቶ እንዲህ አያደርግም። ጠላ ነበር፤ የኮመጠጠ ጠላ።»

ዘመኑ ቀና አለ።

ምስራቅ እንዳላየች ሆና ቀጠለች። «ዋንጫው ደግሞ ይኼ ነው። መምሬ፣ ይህ ዋንጫ ከሆሣዕና ሌላ ይታጠባል?»

«አይታጠብም። ነውር ነው።»

«ታጥቧል። ጨርቁ አሁንም እርጥብ ነው፤ ዋንጫው ፌጦ እንኳ አይሸትም። መርዙ በጠርሙስ የመጣ ቢሆን ዋንጫውን ማጠብ ማንን ያስጨንቃል? ያጠበው ሰው መርዙ የት እንደነበረ ያውቃል። ታንጉት ሳትቀዳበት በፊት፣ ከዋንጫው ሥር ነበር። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ማንም አያጥበውም፤ የፌጦ እሳት ደግሞ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍናል። ልማዱን የሚያውቅ ሰው ነው ያሰበው።»

«ልማዱን ሁላችንም እናውቃለን» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም።

«አዎ። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅሁ። ጠርሙሱን የሞላው ሰው፣ መርዙ ከአቼቶው ጋር ገባ እንዲባል ነው የፈለገው። ይህ ሰው አቼቶ እንዳልተጨመረ አያውቅም ነበር። ቢያውቅማ መርዙን ጋኑ ውስጥ ይጨምረው ነበር እንጂ ከእንጨት ክምር ኋላ ባዶ ጠርሙስ ባልፈለገ። ባዶ ሆኖ ሲያገኘውም ታንጉት የጨረሰችው መሰለው። እንግዲህ ማን ነው የማያውቀው? ዓለምዬ ራሷ ስለ ጨረሰችው ታውቃለች። ወይዘሮ አመተ ማርያም ዋንጫውን ተሸክመዋል፤ ሸቷቸዋል። መምሬ ባርከውታል፤ ሸቷቸዋል። ታንጉት የበጠበጠችው ናት። ሙሉውን ዋንጫ የቀረበ ሁሉ ዐውቋል። የማያውቀው ባዶውን ብቻ የነካው ሰው ነው፤ ሲወርድና ከተጠጣ በኋላ ሲሰቀል።»

ማንም ወደ ዘመኑ አልዞረም። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

«ታንጉት ራሷ ብትሞላውስ?» አለ ዘመኑ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «እኛን ለማምታታት።»

«ከገዛ መደርደሪያዋ ላይ የገዛ ገመዷን ሰቅላ? ጠርሙሱ ባዶ ነበር ብላ ብትጮህ ይበጃት ነበር። እሷ ግን ከእስር ይልቅ የሟቹን ስለት ፈርታ ዝም አለች። ገዳይ እንዲህ አይፈራም። አንተ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሳይነገርህ ጠርሙሱ ጋ መጥተህ ‹የሚፈልጉት ነገር እዚህ ነው› አልህ።»

ዘመኑ እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ፤ ቄጠማውን ፈታና ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ልጅ ሆኜ ነው ወፍጮው ውስጥ የገባሁ» አለ። «ሳንባዬ ዱቄት ነው። ‹ያንተ ነው፣ ያንተ ነው› ሲሉኝ ኖሩ። በሆሣዕና፣ ዋንጫው በጠበል ሲታጠብ እኔ ጨርቁን ይዤ ቆሜ፣ ‹ለዓለምዬ ነው› አሉኝ።» ዓይኑን አንስቶ ታንጉትን አያት። «የሚጨመረው አቼቶ ነበር» አላት፣ እሷ ያታለለችው ይመስል። «በየዓመቱ አቼቶ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዓለምዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታንጉት ግን ለማልቀስም አቅም አጣች። መምሬ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ስለታቸው ፈረሰ ብለሽ ነው የምትሰቃዪ?»

«አዎ አባቴ።»

«ጠላ ለመጠጣት የጠጣ ሰው ነው ስለት የሚያፈርስ። እሳቸው ኮምጣጤ ብለው ጠጡ፤ ኮምጣጤም ነበር። ሂጂ፤ ለቀስተኛው ምሳ አልቀመሰም።»

ታንጉት ማድ ቤት ተመለሰች። መደርደሪያው ላይ የጠርሙሱ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ፋሲካ ገና ነውና ምግቡ የጾም ነው። ምስሩን ቀቅላ አዚፋ ሠራች፤ ሰናፍጩን ለወሰች፤ ሎሚ ስትጨምቅ ፍሬው ሁሉ ገባባት።

ትሪውን ድንኳኑ ውስጥ ስታኖረው ጫጫታው ቀጥ አለ። የዘመኑን መያዝ ሁሉም ሰምቷል፤ ሆኖም አንድ እጅ አልተዘረጋም። አንዱ ጎረቤት «እኔ እንኳ ጠግቤአለሁ» አለ። ሌላው ጫማውን ማየት ጀመረ። ታንጉት ፍርሃቱ ከእስር ቤት ወጥቶ እዚህ ሲጠብቃት አገኘችው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አገር ከእጇ የሚበላ የለም።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ከሐዘን ምንጣፋቸው ተነሱ። ቀስ ብለው መጥተው ከትሪው አጠገብ ቁጢጥ አሉ። እንጀራ ቆረሱ፣ አዚፋውን ጠቀለሉ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው አላመጡት፤ ዋጡት።

«ሎሚ ነው?» አሉ።

«ሎሚ ነው እትዬ።»

ሌላ ጉርሻ ቆረሱ።

«ኮምጣጣው ጎድሎታል» አሉ። «ከጋኑ ሥር የተረፈ ካለ ጨምሪበት።»